ሰርቨር ከሰርቨር በኤስኤስኤች አልገናኝ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰርቨሮቻችሁ እርስ በርስ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ማሽን በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ) ሲገናኙ ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሰርቨሩን ፐብሊክ ኪ፣ ማለትም በፓስወርድ ፋንታ የሚያስገባውን የቁልፍ ጥንድ ይፋዊ ግማሽ፣ ዋናው ሰርቨር ላይ አስገብቻለሁ። አሁንም ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ምኑን ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምታይበትን ቦታ ቀይር። ብዙዎቻችን ግንኙነቱን የሚጀምረው ማሽን ላይ ተቀምጠን እንታገላለን። እዚያ የኤስኤስኤች ትእዛዙን «ዳሽ ቪ» (-v፣ ዝርዝሩን አሳይ ማለት ነው) ጨምረህ ብታስኬደው ቁልፉ መቅረቡን ያሳይሃል። ለምን ተቀባይነት እንዳጣ ግን አይነግርህም። ሆን ተብሎ ነው። በር ለሚያንኳኳ ሁሉ ምክንያቱ ቢነገር ሰርጎ ገቡም ይማርበታል። መልሱ ያለው ተቀባዩ ሰርቨር ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ «ኦውዝ ዶት ሎግ»፣ ሬድ ሃት ላይ ደግሞ «ሴኪዩር» የሚባለውን ፋይል ክፈት።

እኔ በዚህ ነገር አንድ ሌሊት አጥቻለሁ። የኤስኤስኤች ፎልደሩ ፈቃድ 700 ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ይገባበታል። የተፈቀዱት ቁልፎች የተጻፉበት ፋይል 600 ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ያነበዋል፣ ይጽፍበታል። ሁሉም ልክ ነው። በመጨረሻ ሎጉን ስከፍት «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» (ባለቤትነቱ ወይም ፈቃዱ ልክ አይደለም) ይላል፤ የሚጠቁመው ግን የዩዘሩን ሆም ዳይሬክተሪ (የግል ፎልደር) ራሱን ነው። ለካ አንድ ባልደረባዬ ፋይል ለመጫን ብሎ 777 (ማንም የሚጽፍበት) አድርጎት ኖሯል። ሆሙ ላይ ማንም መጻፍ ከቻለ ውስጡ ያለውን የኤስኤስኤች ፎልደር በራሱ መተካት ይችላል። ኦፕንኤስኤስኤች (በብዛት የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ታዲያ እንዲህ ያለውን ቤት አያምንም። ወደ 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) መለስኩት፤ ወዲያው ገባ።

ጥያቄ፦ የኤስኤስኤች ትእዛዙን በእጄ ሳስኬደው ይሠራል። በሱዶ ሲሆን እምቢ ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ በሱዶ ስታስኬጂው ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሆነሽ ነው የምትሄጂው። ሩት ቁልፍ የሚፈልገው በራሱ ሆም ውስጥ ነው፤ ያንቺን አያይም። በ«ዳሽ አይ» (-i) የቁልፉን ሙሉ ፓዝ (ፋይሉ ያለበትን አድራሻ) ስጪው።

ጥያቄ፦ ቀን ስሞክረው የሚሠራው ባክአፕ ሌሊት በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በራሱ በሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሲነሳ ይወድቃል። ለምን?

መልስ፦ ቁልፍህ ፓስፍሬዝ (ቁልፉን የሚከፍት የይለፍ ሐረግ) ይኖረው ይሆናል። ቀን ኤጀንቱ (የተከፈተውን ቁልፍ የሚይዝልህ ፕሮግራም) ያስታውስልሃል፤ ክሮን ግን ኤጀንትህን አያውቀውም። ለዚህ ሥራ ብቻ ፓስፍሬዝ የሌለው ሌላ ቁልፍ አውጣ። እንዲሁ ልቅ ግን አትተወው፣ አደራ። ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ከቁልፉ መስመር ፊት «ፍሮም» ብለህ የባክአፕ ሰርቨሩን አይፒ፣ «ኮማንድ» ብለህ የተፈቀደለትን አንድ ትእዛዝ ጻፍ። ያ ቁልፍ ቢሰረቅ እንኳ ከሌላ አይፒ አያስገባም፤ ሌላ ትእዛዝም አያስኬድም።

ጥያቄ፦ አዲሱን ሰርቨር ካዘመንን ወዲህ ለዓመታት ያገለገለው የአርኤስኤ (የቆየ የቁልፍ ዓይነት) ቁልፋችን ወደ አሮጌው ሰርቨር አያስገባም። ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አይጨነቁ። ኦፕንኤስኤስኤች ከ8.8 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ በሻ-1 (በአሮጌ፣ ደካማ የፊርማ ስሌት) የሚፈረም የአርኤስኤ ፊርማን በነባሪ አይቀበልም። አሮጌው ሰርቨርዎ ከ7.2 በታች ከሆነ ደግሞ አዲሱን የፊርማ ዓይነት አያውቅም። ሁለቱ በቁልፉ ሳይሆን በፊርማው ነው ያልተግባቡት። ኢዲ25519 የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቁልፍ ያውጡ። ከ6.5 ጀምሮ ስለሚታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ሳይነኩ ይገላግልዎታል።

ጥያቄ፦ «የሰርቨሩ መለያ ተቀይሯል» የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የድሮው መለያ የተመዘገበበትን መስመር ሰርዤ ልቀጥል?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል! ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ከሆነ ችግር የለም። ግን መሃል ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ቢኖርም የምታየው ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰርቨሩን ወደሚያስተዳድረው ሰው ደውል። በኮንሶል (በኤስኤስኤች ሳይሆን በቀጥታ) ገብቶ የሆስት ኪውን (የሰርቨሩን መለያ ቁልፍ) ፊንገርፕሪንት (አጭር አሻራ) ያንብብልህ፤ አንተም ስክሪንህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ከገጠመ የድሮውን መስመር ሰርዝና ግባ። ካልገጠመ ፓስወርድ እንዳትጽፍበት።