ኽዋሬዝም እንዴት በ2 ዓመት ፈረሰች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኽዋሬዝም በመካከለኛው እስያ የቻይናና የፋርስ ንግድ የሚያልፍባት ሀብታም አገር ነበረች፤ ጦሯም ብዙ ነበር ይባላል። ታዲያ ከ1219 እስከ 1221 ባለው ጊዜ ብቻ እንዴት በሞንጎሎች እጅ ወደቀች? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ዓመታቱን እርስዎ እንዳደረጉት በፈረንጆች አቆጣጠር እንቀጥል። የጦሩ ብዛት ዛሬም ያከራክራል። በእኛ እምነት አገሪቱን የጣላት የጦሩ አሰፋፈር ነው። የኽዋሬዝም ንጉሥ ሻህ መሐመድ ሜዳ ወጥቶ በመግጠም ፈንታ ወታደሩን በየከተማው ቅጥር ውስጥ በተነው። ብዙዎቹ አዛዦች የእናቱ የተርከን ኻቱን ወገኖች ነበሩና አንድ ላይ ማሰባሰቡን አልደፈረም። በዚህ የተነሳ አንዱ ከተማ ሲከበብ ሌላው አልደረሰለትም።

ጠቡ የተነሳው በንግድ ነው። በ1218 ከሞንጎሎቹ መሪ ከጀንጊስ ካን ዘንድ የመጡ 450 ያህል የሲራራ ነጋዴዎችን የኽዋሬዝም ከተማ የኦትራር ገዥ ኢናልቹቅ «ሰላዮች ናችሁ» ብሎ ፈጃቸው። ካኑ ገዥው ተላልፎ እንዲሰጠው መልእክተኛ ቢልክ ሻሁ መልእክተኛውን አስገደለ።

ሞንጎሎቹ ከተማ ሲይዙ አስቀድመው በዙሪያው ያለውን ሰው ማርከው ከፊት ይነዱታል። በቅጥሩ ዙሪያ የተቆፈረውን ቦይ በአፈርና በእንጨት የሚሞላው ይኸው ምርኮኛ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ፍላጻም ቀድሞ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ያ ሕዝብ የወገኑን ከተማ ለማፍረስ በግድ መሰለፉ እጅግ ያሳዝናል። ከኋላ ደግሞ ቻይናውያን ባለሙያዎች የድንጋይ መወርወሪያ ይተክላሉ። ኡርጌንች ከተማ ላይ ድንጋይ ሲታጣ ለሐር ትል የሚተከለውን የእንጆሪ ዛፍ ቆርጠው፣ ግንዱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ካጠነከሩት በኋላ እሱኑ ወረወሩ።

ቡኻራ በ1220 መጀመሪያ የወደቀችው ካኑ የኪዚልኩምን በረሃ አቋርጦ ማንም ባልጠበቀው በኩል ስለመጣ ነው። ኡርጌንች ግን ወራት ፈጅታለች። የካኑ ልጆች ጆቺና ቻጋታይ ተጣልተው ትእዛዛቸው ስለተጋጨ ከበባው ተጓተተ፤ ከተማዋ የተያዘችው አዛዥነቱ ለወንድማቸው ለኦገዴይ ከተሰጠ በኋላ፣ በ1221 ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ ከተሞች ዛሬ በየትኛው አገር ይገኛሉ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ቡኻራና ሳማርካንድ በኡዝቤኪስታን፣ የኦትራር ፍርስራሽ በደቡብ ካዛኪስታን ነው። ኡርጌንችን ካርታ ላይ ሲፈልጉ ግን ይጠንቀቁ፤ በኡዝቤኪስታን በዚሁ ስም የምትጠራው ከተማ ሌላ ናት። ሞንጎሎች የያዟት ዛሬ ኮኔኡርጌንች የምትባለው፣ በሰሜን ቱርክሜኒስታን ያለችው ናት።