ፍሊቱን ተይውና በርሜሉን ክደኚ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው በርሜልና ሮቶ ሞልተን እናስቀምጣለን። ትንኙ መቀመጫ መቆሚያ አሳጣን። ማታ ፍሊት ስነፋ ትንሹ ልጄ ሳል ይጀምረዋል። ያለ መድኃኒት መከላከል ይቻላል? ጥንጁት ባጨስስ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፣ ግን ከመኝታ ቤት ሳይሆን ከበርሜሉ ጀምሪ። ፍሊቱ የሚገድለው ዛሬ ቤት የገባውን ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ትንኝ አሁን ግቢሽ ውስጥ እየዋኘ ነው። በርሜሉን በባትሪ እዪው፣ ብርሃን ሲያይ እየተጥመለመለ ወደ ታች የሚወርድ ትል መሳይ ነገር ካለ እሱ እጭ ነው። በእናንተ ሙቀት ክንፍ ለማውጣት ሳምንት፣ ቢበዛ አስር ቀን ገደማ ይበቃዋል።

ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው የሚባለው ነገር ለድሬ አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ወባ አስተላላፊ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ከተማ ላይ ተገኘች፤ ይቺ ከተማ የምትወድ፣ በሮቶና በበርሜል ውሃ የምትራባ ናት። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝም እንደዚሁ የበርሜልና የአሮጌ ጎማ ወዳጅ ናት፣ ያውም በቀን ነው የምትናከሰው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አያድንሽም።

ክዳን ስልሽ ታዲያ ቆርቆሮ ጣል ማድረግ አይደለም፣ በዳር በኩል ሾልካ ትገባለች። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ወይም የትንኝ ወንፊት ወጥረሽ በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። የሮቶውን ማስተንፈሻም በወንፊት ሸፍኚ። በሳምንት አንዴ በርሜሉን አራግፊና ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጊው፣ ምክንያቱም የኤደስ እንቁላል ከውሃው ከፍ ብሎ ይለጠፍና ደርቆም ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ውሃው ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ አትድፊው፣ በጨርቅ አጥልለሽ ለልብስ አድርጊው። ጎማ፣ ጣሳ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ሳህን... እነሱንም እያየሽ።

ጥንጁቱ ትንኝ ያባርራል፣ ጭሱ እስካለ ድረስ። ለሚያስለው ልጅ ግን ጭስም ያው ጭስ ነው፣ ይቅርበት። በዚያ ገንዘብ መስኮትሽ ላይ ወንፊት አስመቺ። አጎበሩን ግን መድኃኒት አለው ብለሽ እንዳትጥዪው፣ እንደ ፍሊት አየር ላይ የሚረጭ አይደለም።

ልጆቹ ካተኮሳቸው ቶሎ አስመርምሪ። ዴንጊ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ እስኪታወቅ አስፕሪንም አይቡፕሮፊንም እንዳትሰጪ፣ ደም መፍሰስ ሊያባብስ ይችላል፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል።