ሚረር ዲስክ «ፓስድ» ቢልም ሳትፈትሽ አትንቀል

ወንድሜ፣ ኡቡንቱ ሰርቨርህ ላይ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች በሬይድ 1 (አንድ ዓይነት ዳታ በሁለቱም ላይ በሚጻፍበት ሚረር) እንዳሉ፣ ስማርት የሚባለው የዲስኩ የራሱ የጤና መቆጣጠሪያ «ፓስድ» (አልፏል) እያለ ሰርቨሩ ግን አልፎ አልፎ ቆሞ እንደሚቀጥል ጽፈሃል። «አንዱን ልቀይረው?» ላልከው፦ እባክህ አትቸኩል።

1ኛ፦ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ የሚረሩን ሁኔታ የሚያሳየውን ኤምዲስታት ፋይል ክፈት። ቅንፉ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ዩ ፊደል ካሉ ሁለቱም ዲስኮች ሥራ ላይ ናቸው። በአንዱ ቦታ ሰረዝ ካለ ሚረሩ በአንድ ዲስክ ብቻ ነው ያለው።

2ኛ፦ «ፓስድ»ን እርሳው። ገደቡን ያወጣው አምራቹ ነው፣ በጣምም ልል ነው። የስማርትን መዝገብ የሚያነበውን ስማርትሲቲኤል የተባለ ትእዛዝ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ለየብቻ አስኪድና ቁጥር 5፣ 197 እና 198 መጨረሻ ላይ ያለውን አሃዝ እይ። 5 ማለት በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው ትናንሽ የዲስኩ ክፍሎች) ናቸው፤ 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ገና ያልተካቸው፤ 198 ደግሞ በራሱ ፍተሻ ማንበብ ያልቻላቸው። 197 ከዜሮ ካለፈ የአንተ ሰርቨር የሚቆመው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ አንዱን ሴክተር ለማንበብ ደጋግሞ ሲታገል ሊኑክስ 30 ሰከንድ ይጠብቀዋል። ዲስኩ የሚቀበል ከሆነ በስማርትሲቲኤል ኤስሲቲ ኢአርሲን (ዲስኩ አንድን ሴክተር ለማንበብ የሚታገልበትን የጊዜ ገደብ) 70 አድርገው፣ ማለትም 7 ሰከንድ። ይህ ገደብ ኃይል ሲቋረጥ ስለሚጠፋ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር እንደገና እንዲሞላ አድርገው። ያደገው 199 (ዳታ በኬብሉ ሲተላለፍ የተፈጠሩ ስህተቶች ቁጥር) ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩን ከሰርቨሩ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ኬብሉን ቀይር፤ አሃዙ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ማደጉን ካቆመ ይበቃል።

3ኛ፣ ዳታ የሚያስበላው ስህተት፦ የታመመውን ነቅሎ አዲስ መክተት፣ ጤነኛ የተባለውን ሳይፈትሹ። ማንም የማይከፍተው ፋይል ያለበት ሴክተር ለረጅም ጊዜ ሳይነበብ ሊቆይ ይችላል። አዲሱ ዲስክ ሲገባ ግን የቀረው ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ያ የተደበቀ ብልሽት የሚወጣው ያኔ ነው፣ መመለሻ ቅጂ በሌለበት ሰዓት። ሁለቱ ባንድ ቀን ከአንድ ካርቶን ከተገዙ ደግሞ እድሜያቸውም ድካማቸውም እኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፕ ውሰድ፣ ቀጥሎ በሚቀረው ዲስክ ላይ የስማርትን ረጅሙን ቴስት አስኪድ። ለ4 ቴራባይት 7፣ 8 ሰዓት ጠብቅ፣ ሌሊት ይሻላል። መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምር።

ስትነቅል ሊኑክስ ለዲስኮቹ በሚሰጣቸው በኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ ስም አትመራ፣ ሪስታርት ሲደረግ ሊለዋወጥ ይችላል። ስማርትሲቲኤል የሚያሳይህን ሲሪያል ቁጥር ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያይ። የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ሰንጠረዡን በኤስጂዲስክ ትእዛዝ፣ በትልቁ አር ምርጫ ስትቀዳ ቀድሞ የሚጻፈው ተቀባዩ፣ አዲሱ ዲስክ ነው፤ ከገለበጥከው የጤነኛውን ሰንጠረዥ በባዶ ትደመስሳለህ። ሚረሩ ሞልቶ ሲያበቃ ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ግሩብ አዲሱም ላይ ጫን፤ ካልጫንክ አሮጌው በሞተ ቀን ዳታህ እያለ ሰርቨሩ አይነሳም። የሬይዱ ማስተካከያ ፋይል በሆነው ኤምዲአድም ኮንፍ ውስጥ ኢሜይልህን አስገባና የሙከራ መልእክት ላክ፤ ካልደረሰህ ዲስክ ሲወድቅም አይደርስህም።