ስለ ላቲኑ «ፍሩጊ» ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ሆሞ ፍሩጊ» (ቁም ነገረኛ፣ ቁጥብ ሰው) ሲባል ቅጽሉ እንደ ሌሎቹ ከስሙ ጋር የማይስማማው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሲነሳ ቅጽል ስላልነበረ ነው። «ፍሩክስ» ማለት ፍሬ፣ አዝመራ ነው፤ «ለ» የምንለውን በሚተካው በዳቲቭ ሲነገር «ፍሩጊ» ይሆናል። «ለፍሬ የሚበቃ» ማለት ነው። በጥንታዊው ሮማዊ ተውኔት ጸሐፊ በፕላውቱስ ሥራ «ፍሩጊ ቦናይ» የሚል ይገኛል። «ቦናይ» (መልካም) ራሱ በአንስታይ ጾታና በዳቲቭ መቆሙን ልብ በሉ፤ የሚገልጸው «ፍሩጊ»ን ነውና ቃሉ ያኔ ገና ስም እንደነበር ይመሰክራል። ኋላ «ቦናይ» ቀረ፣ «ፍሩጊ» ብቻውን ቅጽል ሆነ። ስለዚህ ሆሞ ፍሩጊ (ቁጥብ ሰው)፣ ሆሚኒስ ፍሩጊ (የቁጥብ ሰው)፣ ሆሚኔስ ፍሩጊ (ቁጥብ ሰዎች)። መጨረሻውን አትንኩት።

ጥያቄ፦ ማበላለጫውስ («ይበልጥ ቁጥብ»፣ «እጅግ ቁጥብ» ለማለት)?

መልስ፦ «ፍሩጋሊስ» ከሚባለው ዘመድ ቅጽል ይዋሳል፦ ፍሩጋሊዮር፣ ፍሩጋሊሲሙስ።

ጥያቄ፦ ስለ ቅጽሉ ጠለቅ አድርገው ቢያብራሩልን።

መልስ፦ የቱን? ጥያቄውን ለይተው ያቅርቡ፤ አመጣጡን ከላይ ጽፌዋለሁ።

አንድ አባል፦ የእኛ «ፍሬ» እኮ ይኸው ነው! ላቲን ከግዕዝ ወስዷል።

ሌላ አባል፦ ለምን ግዕዝ ከላቲን አልወሰደም? ሮማውያን አዱሊስ ድረስ ይነግዱ ነበር።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ መልክ አይታችሁ ዝምድና አትፍረዱ። በላቲን ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ «ፍ» ብዙ ጊዜ ላቲን፣ ጀርመንኛና ሳንስክሪት (የጥንት ሕንድ ቋንቋ) ከተገኙበት የጋራ ጥንታዊ ቋንቋ «ብህ» የመጣ ነው። ላቲን «ፍራተር» የሚለውን ወንድም ጀርመን «ብሩደር»፣ ሳንስክሪት «ብህራታ» ይለዋል። የ«ፍሩክስ» ዘመድም ጀርመንኛው «ብራውኸን» (መፈለግ፣ መጠቀም) ነው። የግዕዝ «ፍ» ግን ከ«ፕ» የመጣ ነው፤ ዕብራይስጥ ፍሬን «ፕሪ» ይላል። በዚያ ላይ «ፈረየ» የሚጨርሰው በ«የ» ሲሆን የላቲኑ ሥር በ«ግ» ይጨርሳል። ወደ ኋላ በተጓዝን ቁጥር ይበልጥ ይራራቃሉ። ድምፁን ተከተሉ፤ መልክ አይታችሁ አትፍረዱ።

የመጀመሪያው አባል፦ ትርጉማቸው ግን አንድ ነው።

መልስ፦ የትርጉም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ፒሶ ፍሩጊ የሚባለው ሮማዊስ?

መልስ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ሹም) የነበረው ሉኪዩስ ካልፑርኒዩስ ፒሶ ነው። «ፍሩጊ» በጠባዩ የወጣለት መጠሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ላቲን ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ ሌላ ርዕስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለብዙ ሰዎች «ሆሚኔስ ፍሩጌስ» አይባልም?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን ያንብቡ እንጂ! «ፍሩጌስ» የስሙ ብዙ ቁጥር ነው፤ አዝመራ ማለት ነው። ቅጽሉ «ፍሩጊ» ነው፣ መጨረሻውን አትንኩት።