መንጋጋው ተሰበረ ሲሉ ምኑ ነው የተሰበረው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ውሻና ድመት ለሚያሳድጉ ሰዎች ስለ አፍ ጤና አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «መንጋጋ» ስል አንዱ አጥንቱ ይመስለዋል፣ ሌላው ጥርሱ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ክራንቻ የውሻ ነው፤ ለድመት አይባልም» ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። ክራንቻ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የጅብም፣ የነብርም፣ የድመትም፣ የእርስዎም ነው። ባልደረባዎን ያሳሳታቸው ፈረንጆች ይህን ጥርስ በውሻ ስም መጥራታቸው ይመስለኛል። ያንን እንዳለ ያመጣ ሰው «የድመት የውሻ ጥርስ» ሊል ነው። ይቅርብን። ውሻም ድመትም አራት አራት ክራንቻ አላቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።

ከመንጋጋ ጋር ያለኝ ጸብ ግን የቆየ ነው። እኔ ባደግሁበት በመንዝ አጥንቱ መንጋጭላ፣ ጥርሱ መንጋጋ ነበር። ልጅ ሲያጠፋ «መንጋጭላህን ነው የምልህ!» ይባላል። ጥርሱን ያመመው ደግሞ «መንጋጋዬን ተነቀልኩ» ይላል። መንጋጭላዬን ተነቀልኩ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቢኖርም መናገር የሚችል አይመስለኝም።

ይህ ለእርስዎ ሥራ ቀልድ አይደለም። ውሻ ጠንካራ አጥንት ሲቆረጥም ብዙ ጊዜ የሚሰበርበት ከላይ ያለው ትልቁ ጥርስ ነው፤ አራተኛው ቅድመ መንጋጋ። ቅድመ መንጋጋ የምንላቸው በክራንቻና በመንጋጋ መካከል ያሉትን ጥርሶች ነው። ይህኛው ሦስት ሥር አለው። ከታች ካለው ከመጀመሪያው መንጋጋ ጋር እንደ መቀስ እየተላለፈ ሥጋ ይቆርጣል። ድመት ደግሞ ከፎቅ ስትወድቅ ወይም መኪና ሲገጫት የታችኛው መንጋጭላዋ አገጯ ላይ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ሁለቱንም «መንጋጋው ተሰበረ» ብለን ከጻፍን የእንስሳው ባለቤት ምኑን ይያዝ?

መንጋጋን «ፈጪ ጥርስ» የሚሉም አሉ። ለበግና ለሰው ያስኬዳል። ውሻም በኋለኞቹ በመጠኑ ይፈጫል። ለድመት ግን ስሙ ውሸት ነው። የድመት መንጋጭላ ወደ ጎን አይሄድም ማለት ይቻላል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በቃ። መንጋጋዋም በየጎኑ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ብቻ ነው። የላይኛው እንዲያውም ዓይን የማይሞላ፣ ሚጢጢ ነገር ነው። ቅድመ መንጋጋዎቿም ከውሻ ያንሳሉ። የውሻ ጥርስ 42 ሆኖ የእሷ 30 የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ተከራካሪዬ ልምጣ። «መንጋጋ አጥንቱም ነው» የሚል ሰው አለ፤ ማስረጃውም ቀላል አይደለም። ሶምሶን ሺህ ሰው የገደለው በአህያ መንጋጋ ነው። በአንድ ጥርስ ሺህ ሰው አይገደልም። መንጋጋ ቆልፍ የምንለው በሽታም አለ። የሚቆለፈው ጥርስ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ይባስ ብሎ «ጥርስ» የሚለው ቃል ራሱ ለተከራካሪዬ ያደላል። በግዕዝ የጥርስ ሁሉ ስም «ስን» ነው። «ፅርስ» ግን የኋለኛው፣ የሚያኝከው ብቻ ነበር። ዐረብኛ እስከ ዛሬ «ሲን» እና «ድርስ» እያለ ይለያቸዋል። አማርኛ «ስን»ን ትቶ «ፅርስ»ን ወሰደ፤ «ፅ»ን «ጥ» አደረገና ለአፍ ሙሉ አደለው። በጥንቱ ሚዛን ከሄድን «የፊት ጥርስ» ስንል «የፊት የኋላ ጥርስ» ማለታችን ነው። ቃሉ እንዲህ ሲሰፋ ግን ማንም አልተቆጣም።

የፊት ጥርስ ካልን አይቀር፣ የእኛ አገር ሰው በግ ሲገዛ ከንፈሩን ገልጦ የሚያየው የታችኛውን ብቻ ነው። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ያለው ጠንካራ ድድ ነው። ውሻና ድመት ግን 6 ከላይ፣ 6 ከታች አላቸው። ጽሑፍዎ ላይ ቢገባ ጥሩ ነው፤ የበግ አፍ የለመደ ሰው ግር እንዳይለው።

እንግዲህ መንጋጋ ለአጥንቱም ይባላል። አልወደውም እንጂ ይባላል። እርስዎ ግን ለአጥንቱ መንጋጭላ፣ ለጥርሱ «የመንጋጋ ጥርስ» ይበሉ። ለእኔ ጆሮ ድግግሞሽ ነው፤ ቢሆንም ማንንም አያሳስትም። የመጀመሪያዎቹን እንደ ሰው «የወተት ጥርስ» ይበሏቸው። ቡችላ 28፣ የድመት ልጅ 26 አላቸው፤ አብዛኞቹ ስድስት ወር እስኪሞላ ይወልቃሉ። «የድመት ግልገል» ማለትም ተለምዷል፤ መዝገበ ቃላትም አይከለክልዎትም። እኔ ግን ግልገል የማውቀው የበግና የፍየሉን ነውና «የድመት ልጅ» ቢሉልኝ ደስ ይለኛል።