የሮታሪ ሞተር ማርሚታ በአነስተኛ አውሮፕላን ላይ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በዚህ ዙር ከተላኩልኝ ጥያቄዎች መካከል የመረጥኳቸው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም ከመኪና የወጣ የሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ገጽ አካል የሚዞርበት ሞተር) ግለሰቦች ራሳቸው በሚሠሩት አነስተኛ አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱን ድምፅ የሚቀንሰው ዕቃ፣ እንዴት መሠራት አለበት የሚለው ነው። ለዚህ ሞተር የሚሠራ ማርሚታ ድምፅ መቀነሱ ከመታየቱ በፊት ሙቀት መቻሉ መረጋገጥ አለበት ብዬ ስለማምን፣ መልሶቼ ወደዚያ ማዘንበላቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

«በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የማዝዳ 13ቢ ሞተር 1.3 ሊትር ብቻ ሆኖ ሳለ ጩኸቱ ከትልልቅ የፒስተን ሞተሮች የሚብሰው ለምንድን ነው?»

ምክንያቱ ጭስ የሚያስወጣበት ጊዜ መብዛቱ አይደለም። ሮተሩ በዘንጉ ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ቢዞርም ሦስት ገጽ ስላለው፣ ዘንጉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሮተር አንድ ጊዜ ጭስ ያስወጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ሮተሩ 13ቢ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሠራ በሰከንድ 200 ጊዜ ጭስ ያስወጣል፤ ይህም በዚያው ፍጥነት ከሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ያለው በአከፋፈቱ ላይ ነው። በፒስተን ሞተር ቫልቩ ቀስ በቀስ ስለሚነሣ የታመቀው ጋዝ በጥቂቱ ጀምሮ እየጨመረ ይወጣል፤ ሮታሪ ግን ቫልቭ ስለሌለው የሮተሩ ጫፍ የጭስ መውጫውን ጠርዝ እንዳለፈ ቀዳዳው ባንዴ ይከፈታል፣ ገና ያልቀዘቀዘና ግፊቱ ያልወረደ ጋዝም በድንገት ወደ ቱቦው ይወረወራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣችው አርኤክስ-8 መኪና ጀምሮ ማዝዳ መውጫውን ወደ ጎን ግድግዳው ስላዛወረው፣ የዚያ ሞተር ምት ከቀደሙት ይለዝባል። ሆኖም መካከለኛውን መውጫ ሁለቱም ሮተሮች ስለሚጋሩት በዚያ በኩል ያለው ቱቦ ይበልጥ ይግላል።

ስሌት ሲጀምሩ የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብለው እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ። በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጋዝ ውስጥ ወደ 650 ሜትር ስለሚደርስ፣ ለ200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ምት) የሚሆን የሩብ ሞገድ ቱቦ፣ ማለትም ርዝመቱ የድምፁን ሞገድ ሩብ የሚያህል ድምፅ ማጥፊያ ቱቦ፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በቀዝቃዛ አየር ፍጥነት የተሰላው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ሆኖ ስለሚወጣ ለተፈለገው ድምፅ አያገለግልም።

«አዘዞ የብየዳ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛ የዚህን ማርሚታ ንድፍ አምጥቶልኛል። የመኪና ማርሚታ ብገጥምለት ወይም ከተራ ላሜራ ብሠራለት ምን ችግር አለው?»

ሁለቱንም እንዳያደርጉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የሮታሪ ሞተር የማቃጠያ ክፍል ረጅምና ጠባብ በመሆኑ ነዳጁ ተቃጥሎ ሳያልቅ መውጫው ስለሚከፈት፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ሙቀት 900 ዲግሪን ሲያልፍ ይታያል። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ኃይል ጥቂቱን ብቻ ሲጠቀም፣ አውሮፕላን ግን ከፍተኛ ኃይል ይዞ ለሰዓታት ይበርራል። በዚህ ሙቀት ተራ ላሜራ እየተቀረፈ ይሳሳል፤ በመኪና ማርሚታ ውስጥ የሚጠቀጠቀው የመስታወት ቃጫም ቀልጦና ተበጣጥሶ በጭስ መውጫው ያልቃል።

ለሥራው የሚስማማው 321 የሚባለው አይዝጌ ብረት ነው። በውስጡ ያለው ቲታኒየም በብየዳው ዳርና ዳር የሚጀምረውን ስንጥቅ ስለሚከላከል 304 ከሚባለው አይዝጌ ብረት ይመረጣል፤ ለሞተሩ ቅርብ የሆነውን ክፍል ኢንኮኔል 625 ከሚባለው የኒኬል ቅይጥ መሥራት ደግሞ ውድ ቢሆንም የተሻለ ነው። በአርጎን ሲበይዱ ቱቦውን ከውስጥም በአርጎን ይሙሉት፤ አለበለዚያ የብየዳው ውስጠኛ ገጽ ተቃጥሎ ይሻክርና ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል።

ቅርጹ ክብ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ግድግዳ እንደ ከበሮ ቆዳ እየተርገበገበ ድምፅ ያሰማል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። በውስጡ መንገድ የሚዘጉ ግድግዳዎች ከማስገባት ይልቅ ጋዙ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት የተበሳሳ ቱቦ እመርጣለሁ፤ የተሰበረ ግድግዳ መውጫውን ከደፈነው ሞተሩ አውሮፕላኑ ገና ከፍታ በመያዝ ላይ ሳለ ኃይል ያጣልና። ይህ የተበሳሳ ቱቦ በአንድ ጫፉ ብቻ ይበየድ፤ ሌላው ጫፍ ተንሸራቶ የሚገባበት ክፍተት ይተውለት። አንድ ሜትር አይዝጌ ብረት 800 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 14 ሚሊሜትር ስለሚረዝም፣ ሁለቱንም ጫፍ ቢበይዱት ብየዳውን ገንጥሎ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚያዝ ተንቀሳቃሽ ያድርጉት፤ ማርሚታው የሚደገፈውም ከሞተሩ ላይ እንጂ ከአውሮፕላኑ አካል ላይ አይሁን።

«ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞተሩ ኃይል ያጣል። ማርሚታውን ባልገጥምስ? (ከማራኪ)»

የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማርሚታ ማውለቅ ይህን አይመልስም። መፈራት ያለበት ጋዙን የሚያፍን ጠባብ ማርሚታ ነው፤ በተለይ በቀድሞው 13ቢ የጭስ መውጫውና የአየር መግቢያው ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ስለሚሆኑ የታፈነው ጭስ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል። ከማርሚታው በፊት ቀጭን የብረት ቱቦ በይደው፣ ጋዙ እንዲቀዘቅዝ አንድ ሜትር ያህል አስረዝመው ከግፊት መለኪያ ጋር ያገናኙና ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ንባቡን ይመልከቱ። በግምት ከመከራከር ይህ ይሻላል።

«ጥሩ ማርሚታ ካለ አውሮፕላኑ ጸጥ ይላል?»

በአብዛኛው አዎ። የ6,000 ዙሩ ፍጥነት በ2.85 ማርሽ ሲቀነስ፣ 1.9 ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር ጫፉ የሚጓዘው በሰከንድ 210 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የፕሮፔለሩ ድምፅ መጠነኛ ነው፤ ጎልቶ የሚሰማው ጭሱ ነው።

«ደባርቅ ብርድ ነው። ማርሚታውን በላሜራ ሸፍኜ የሚሞቀውን አየር ወደ አብራሪው ክፍል ባስገባስ?»

በሮታሪ ሞተር ላይ ይህን ባያደርጉ እመርጣለሁ። በሽፋኑ ሥር ያለ ስንጥቅ ከውጭ አይታይም፤ ከዚያ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ነዳጅ በርከት ተደርጎለት የሚሠራ ሮታሪ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል፤ ከፍታ ላይ አስቀድሞ ኦክስጅን ላነሰው ሰውነት ጉዳቱ ይከፋል። ሙቀቱን ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ በትንሽ ራዲያተር መውሰድ ይቻላል። በማንኛውም ሁኔታ ድምፅ የሚያሰማ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ በአብራሪው ፊት ይገጠም፤ ከጮኸ ማሞቂያውን ይዝጉ፣ የውጭ አየር ያስገቡ፣ ሳይዘገዩም ያሳርፉ። ማርሚታው ተፈትቶ ስንጥቁ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ ዳግመኛ አይነሣ።