የምሥራቻችሁን ለእናታችሁ ንገሩ

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ አጫጭር ታሪክ ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ በቀደም ያነሳችብኝ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈችው የ100 ቃል ታሪክ ውጭ አገር በሚታተም መድብል እንዲወጣ ተመርጦላታል። የደረሳትን መልእክት ከስልኳ ላይ አስነበበችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይህን ለቤተሰብ ብናገር ጉራ አይሆንብኝም? ደግሞ እኮ መቶ ቃል ናት» አለችኝ። «ንገሪያቸው እንጂ!» አልኳት። መኪናው ሊሞላ ስለነበር ከዚያ በላይ አላወራንም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁና።

ሰውየው ወዳጄ ነበር። ልጆቹ በሕይወት ስላሉና ስላላስፈቀድኳቸው ስሙን አልጠራም። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አማርኛ አስተምራለሁ። ሆጤ አካባቢ ጎረቤታሞች ነበርን፤ ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት ቡና አይቀርም። ባለቤቱ ቡና ስታፈላ አትቸኩልም። አቦሉ እስኪወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያልቃል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያች ረከቦት ዙሪያ ነው። በረካው ሲቀዳ የአንዷ ጎረቤታችን ዱዓ ይከተላል፤ ለተማሪው ውጤት፣ ለታመመው ጤና፣ ለመንገደኛው በሰላም መግባት። ዛሬ እናንተ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ አዛችሁ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ስትደፉ ሳይ ያ ቤት ትዝ ይለኛል። የታሪክ ጆሮዬን የከፈተልኝ ከተማርኩት ሁሉ ይልቅ ያ የቡና ወሬ ነው።

ወዳጄ የሚጽፈው በሞዴል 22 ጀርባ ላይ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ ሞዴል 22 ዕቃ ከግምጃ ቤት ወጪ ሲሆን የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ዕቃ ገቢ ሲሆን የሚቆረጠው ደግሞ ሞዴል 19 ነው። አንድ ጊዜ ቅጹ ተቀይሮ አሮጌው ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ የተረፉትን ጥራዞች አለቃው ፈቅዶለት ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ፊቱ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ የሚል ሰንጠረዥ አለው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እሱ ሌሊት ሌሊት በዚያ ጀርባ ላይ ታሪክ ይጽፋል። ወደ ሁለተኛ ወረቀት የተሻገረ ታሪክ አያውቅም። «ወረቀቱ ካለቀ እኔም ጨርሻለሁ ማለት ነው» ይለኝ ነበር። እናንተ እንዲህ ያለውን በጣም አጭር ልብ ወለድ ፍላሽ ፊክሽን የምትሉበትን ስም እሱ ሰምቶት አያውቅም። ስሙ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ከታተመ መድብል ወዲህ ነው። እሱ ከዚያ በፊትም በአንድ ገጽ ይጨርስ ነበር።

አንዷን ታሪኩን እስከማስታውሰው ልንገራችሁ። ክረምት ነው፤ መሽቷል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውቶቡስ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ውጦት ቆሟል። መብራቱ ቢበራም የሚያሳየው ጭጋጉን ብቻ ነው። ረዳቱ ወርዶ ፊት ፊት እየሄደ ሾፌሩን ሊመራ ይሞክራል፤ የለበሰው ጥቁር ጃኬት ነውና ሁለት እርምጃ እንደራቀ ይሰወራል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን ከላያቸው ገፈው «በል፣ ይህን ደርብ» ይሉታል። ረዳቱ ነጩን ነጠላ ደርቦ፣ የመኪናውን ግንባር በመዳፉ እየመታ፣ ቁልቁለቱን ይመራዋል። ተሳፋሪው ደስ ብሎታል፤ «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያለ ይቀልድበታል፤ ቴፑ ይዘፍናል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጭጋጉ ይገፈፋል። ወራጅ ስላለ የውስጡ መብራት ይበራል። ረዳቱ ነጠላውን አጥፎ፣ አመስግኖ ይመልሳል። እናትየዋ ነጠላውን ይዘረጉትና ዘቅዝቀው ይለብሱታል። ሾፌሩ በመስታወቱ ያይና ቴፑን ያጠፋል።

አለቀ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል። ያ ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ስለሆነ በክረምት ሐረጎ ላይ የሚያጋጥመው ጭጋግ የፈጠራ አይደለም። ሌላውን ሁሉ ግን የፈጠረው እሱ ነው።

መጀመሪያ ያሳየኝ ረቂቅ ላይ ከመጨረሻው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ «የልጃቸውን መርዶ ሰምተው እየሄዱ ነበር» የሚል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳየው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ለምን እንደሰረዘው ስጠይቀው፣ «ለሾፌሩ ከገባው ለአንባቢውም ይገባዋል» አለኝ። ብዙ ዓመት ድርሰት አስተምሬያለሁ፤ ስለ አጨራረስ ከዚህ የተሻለ ነገር ለማንም ተማሪ ነግሬ አላውቅም።

ይህችን ታሪክ አዲስ አበባ ይታተም ለነበረ መጽሔት በፖስታ ላካት፤ ወጣችለት። ስሙ ከነአባቱ ስም ከግርጌ ታትሟል። መጽሔቱን አራት አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ፒያሳ አገኘኝና ግራ ቀኙን አይቶ አሳየኝ። አቅፌ ሳምኩት። «በል ቤት እንሂድ፣ ለባለቤትህ የምሥራች እንበላት» ስለው ፊቱ ተለወጠ። «ተው እባክህ፤ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት የምሥራች ልበል? ሰው ምን ይለኛል? ለማንም እንዳትናገር አደራ» አለኝ። አደራ አደራ ነውና ጠበቅኩለት።

ከዚያ እኔ ወደ ወረኢሉ ተዛወርኩ። እሱ ሲታመም አልሰማሁም፤ እንደዛሬው በየኪሱ ስልክ አልነበረም። መርዶው የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ሰልስቱ አልፎ ደረስኩ። ለቅሶ ቤት ስለ ወረቀት አይጠየቅምና ዝም አልኩ። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተመልሼ መጣሁና ባለቤቱን፣ «እነዚያ ሌሊት የሚጽፍባቸው ወረቀቶች የት አሉ?» አልኳት።

«አስረከብኳቸዋ» አለችኝ። «የመንግሥት ቅጽ ነው፤ ቁጥር አለው። ነገ ጎደለ ተብሎ ልጆቼ እንዳይጠየቁበት ብዬ ራሴ ተሸክሜ ወስጄ አስረከብኩ።»

ማስረጃውንም አሳየችኝ። ከመታወቂያውና ከዕድር ደብተሩ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ያስቀመጠችው ሞዴል 19። በዕቃው ዓይነት ሥር «አሮጌ ቅጽ» ይላል፤ በመለኪያው «ጥራዝ»፤ በዋጋው ቦታ ሰረዝ። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ። ከሌላ አሮጌ ወረቀት ጋር በኮሚቴ ተወስኖ ተቃጥሏል። በማንም አልፈርድም። እሷ ታማኝ ሴት ናት፤ የተረከበውም የተወገደውም በደንቡ ነው። ጀርባውን ገልብጦ ለማንበብ ምክንያት የነበረው ሰው በዚያ ሁሉ ጉዞ ውስጥ አንድም አልነበረም።

የዚያን ዕለት ነገርኳት። ባልሽ ደራሲ ነበር አልኳት፤ የነጠላውን ታሪክ በቃሌ አወራሁላት። እስክጨርስ ቀና አላለችም። «እኔ የቆጠራ ሥራ እያመጣ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ምነው ቢነግረኝ ኖሮ! ቡና አፍልቼለት አብሬው አመሽ ነበር።»

ልጆቼ፣ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ታሪኮቹ መቃጠላቸው ያሳዝነኛል፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ሳይፈላ የቀረው ቡና ነው። በአንድ ጣራ ሥር እየኖረች የባሏን ደስታ ሳታውቀው ቀረች። እሱ ትሕትና መስሎት ነው። ትሕትና ግን ሰው ስለ ራሱ የሚይዘው ልክ ነው እንጂ ከቤተሰብ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ደግሞስ ጉራ ነው የተባለው በየትኛው ባህላችን ነው? «የምሥራች!» ሲባል «ምሥር ብላ!» የሚል መልስ ያዘጋጀ ሕዝብ ነው ያሳደገን። የዚህ አገር የቅኔ ተማሪ እንኳ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ወንድ አያቴ ዋድላ ቅኔ ሲማሩ ያሳለፉትን ሲያጫውቱን፣ ከምንም በላይ ደስታቸው የመጀመሪያዋ ጉባኤ ቃናቸው በጓደኞቻቸው ፊት የተወደደላቸው ቀን ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከናንተ መቶ ቃል በጣም ታንሳለች። አያቴ ግን በሽምግልናቸው ዘመን፣ በሬያቸው የሞተበትን ዓመት ረስተው ያችን ቀን አልረሱም። አጭር ነው ብሎ ያፈረባት ማንም አልነበረም።

አሁን ደግሞ የምቆጣችሁ ነገር አለኝ። ንገሩ ስላችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ በጻፋችሁበት ሌሊት ቴሌግራም ላይ ልቀቁት ማለቴ አይደለም። የናንተ ዘመን ልጅ ችኩል ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ጽፎ፣ ሰባት ሰዓት ለቅቆ፣ ስምንት ሰዓት ላይክ ይቆጥራል። ያ ወዳጄ ያችን ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ጠብቋል። አቆዩት፤ ለማንም አታሳዩት። ከፍ ብዬ ንገሩ ያልኩት እኔው መሆኔን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ያስፈልጋችኋል።

ችኮላው ሌላም ኪሳራ አለው። ብዙዎቹ የውጭ መጽሔቶችና ውድድሮች በይፋ የተለጠፈን ጽሑፍ «ታትሟል» ብለው ስለሚቆጥሩ አይቀበሉትም። ዳኞቹ የጸሐፊውን ስም ሳያዩ የሚያነቡባቸው ውድድሮችም አሉ፤ ታሪኩን ቀድማችሁ በስማችሁ ካሰራጫችሁት ደንቡን አፈረሳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ «ተመረጥኩ» የሚለውን ዜና ንገሩ፤ ታሪኩን ግን እስኪታተም ያዙት። አንዱን ታሪክ ለሁለት ቦታ ልካችሁ አንዱ ከተቀበላችሁ፣ ለሌላው በዚያው ቀን «አንስቻለሁ» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ ስማችሁ ይበላሻል፤ ከናንተ በኋላ ለሚልክ የወሎ ልጅም በር ትዘጋላችሁ።

የቃል ልክን እንደ ቀልድ አትዩት። እንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር የፍላሽ ፊክሽን ቀን አለ፤ ከዚያ ጋር የሚካሄደው ውድድር 100 ቃል ነው የሚፈቅደው። በባዝ ከተማ ስም የሚጠራው ውድድር ደግሞ 300 ቃል። ሌሎች እስከ 1,000 ይሄዳሉ። የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቁትን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ከደሴ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ በነጻ የሚቀበሉ ሞልተዋል። አንብቡ፣ ፊደል አትግደፉ የሚለውን ከአስተማሪዎቻችሁ ስለሰማችሁ አልደግመውም።

እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ነው፤ በርቱበት። ነገር ግን የመጀመሪያው ረቂቅ ቢያንስ አንዳንዴ በአማርኛ ይሁን። ነጠላ መዘቅዘቅን ለለንደን አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሲብራራ ደግሞ የወዳጄ ታሪክ ይሞታል። ለደሴው ሰኞ ገበያ አንባቢ ምንም ማስረዳት የለባችሁም። ይህን ስል ለውጭ አትጻፉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ለውጭ ስትጽፉ ያለ ማብራሪያ የሚገባ ሌላ ምልክት ፈልጉ፤ ይህ ሥራችሁ ነው፤ ከባድም ነው።

በአንድ ነገር ግን ከኛ ዘመን በጣም ትበልጣላችሁ። እናንተ እርስ በርስ ትነባበባላችሁ። ወዳጄ ከኔ ሌላ አንባቢ አልነበረውም፤ እናንተ ግን የአንዱ ታሪክ ሲመረጥ በደቂቃ ውስጥ ኮምቦልቻም ሐይቅም ይሰማል። ስለዚህ የጓደኛችሁ ዜና ሲደርሳችሁ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ። ከዚያ የቱ ጋ እንደነካችሁ ለይታችሁ ንገሩት። የእጅ ምስል ልኮ ማለፍ ንባብ አይደለም።

ለኮምቦልቻዋ ልጅ፦ እናትሽ እንግሊዝኛ እንደማያነቡ ነግረሽኛል። ታሪኩን ራስሽ ወደ አማርኛ መልሺውና እሑድ ቡና ላይ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። አባትሽም ይቀመጡ። ስታነቢ የማይገባቸው ቦታ ካለ ፊታቸው ላይ ታይዋለሽ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊበትና በሚቀጥለው ስትመጪ አምጪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የአማርኛውን ቅጂ ደግሞ በንጹሕ ደብተር ገልብጠሽ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ስም ጽፈሽ፣ እናትሽ የሚያውቁት ቦታ አስቀምጪው።